«ክፍያው አዲስ አበባ ከሆነ ሥራ አይባልም»፦ የሠርግ ፎቶ አንሺዎችን ያሳሳተው ምክር

በሠርግ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ እንደ ሕግ የሚጠቀስ አንድ ምክር አለ፦ «ገንዘቡን አዲስ አበባ፣ በብር እስከተቀበልክ ድረስ አሜሪካ ሄደህ ብታነሳም ሥራ አይባልም። የቱሪስት ቪዛ ይበቃሃል።» ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚጋቡ ጥንዶች ሥራውን የወደዱለትን ፎቶ አንሺ ከአገር ቤት ማስመጣት ሲያምራቸው ይህንኑ ይነግሩታል። ቪዛ አስጨራሹ ደላላም ይደግምለትና «ኢንተርቪው ላይ ግን የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ነኝ በል» ብሎ ይጨምርበታል። ሥራ ካልሆነ ታዲያ ውሸቱ ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄ ደላላውን የሚጠይቀው የለም።

በቅርብ የማውቀው አንድ ጎበዝ ልጅ ይህን ሰምቶ ሄደ። አሜሪካ ሲደርስ ሻንጣው ተከፈተ፤ ሁለት የካሜራ ቦዲ፣ ሦስት ሌንስ፣ ፍላሽና ጂምባል ወጣ። «ለሠርግ ነው የመጣሁት፤ እንግዳ ነኝ» አለ። ቀጥሎ ስልኩ ታየ። ቴሌግራሙ ላይ የቀብዱ ደረሰኝ አለ፤ የሠርጉና የመልሱ ዋጋ ለየብቻ ተጽፏል፤ ከሥር ደግሞ «አልበሙን ስንት ገጽ ታደርግልናለህ?» የሚል መልእክት። ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቀብዱን መመለስ ነበረበት፤ የትኬቱ ዕዳም በእሱ ላይ ቀረ። ሙሽሮቹ እዚያው ካለ ሌላ ባለሙያ ጋር ሠርጋቸውን ደገሱ። ደላላው ዛሬም ያንኑ ምክር እየሸጠ ነው፤ ይህ በእውነት ያናድደኛል።

ምክሩ ሙሉ በሙሉ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቆንስላ ሠራተኞቹ ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ፎቶ አንሺ በቢ-1፣ ማለትም በቢዝነስ ጎብኚ ቪዛ ገብቶ ፎቶ ማንሳት እንደሚችል ተጽፏል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ከአሜሪካ ምንጭ ገቢ ማግኘት የለበትም። የአዲስ አበባ መጽሔት ወይም አሳታሚ ከፍሎት ፎቶዎቹን ለዚያው ሊያነሳ የሚሄድ ሰው ይህ በር ተከፍቶለታል። ሜሪላንድ የምትኖር ሙሽራ ደመወዟን ወደ ብር አስመንዝራ እህቷ በቴሌብር ብትልክለት ግን ከፋዩ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ቦሌ ስለደረሰ ምንጩ ቦሌ አይሆንም። በዚያ ላይ ፈቃዱ የሚናገረው ፎቶ ስለሚያነሳ ሰው ነው፤ «ፎቶም ቪዲዮም እሠራለሁ» የሚል ስቱዲዮ በዚያ አንቀጽ ሊከለል አይችልም። የዜና ባለሙያም ቢሆን ራሱን የቻለ የመገናኛ ብዙኃን ቪዛ አለው።

አንድ አከራካሪ ቦታ እንዳለ ግን እቀበላለሁ። አዲስ አበባ ያሉት የሙሽራው ወላጆች ከራሳቸው ኪስ፣ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ጋር ተዋውለው ቢልኩትስ? እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፤ የሚወስነውም ፊት ለፊት የተቀመጠው ኦፊሰር ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዘ ሰው ውሉን ይዞ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ በቢዝነስ ጎብኚነት ይጠይቅ። ቢከለከል የሚያጣው የማመልከቻውን ክፍያ ነው። ዋሽቶ ከተያዘ ግን የሚያጣው ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ወይም መግቢያ ለማግኘት ሲል በወሳኝ ጉዳይ ላይ የዋሸ ሰው፣ ልዩ ይቅርታ ካልተደረገለት በቀር፣ ዕድሜውን ሙሉ ይታገዳል። በመግቢያ ላይ በአፋጣኝ ትእዛዝ የሚባረር ሰው ደግሞ ውሸት ባይገኝበት እንኳ 5 ዓመት መመለስ አይችልም። ድንበር ላይ ያሉ ኦፊሰሮች ስልክ ለማየት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይጠብቁም። ዲኤስ-160 የሚባለው ማመልከቻም ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁበትን የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ ይጠይቃል። ኢንስታግራሙ ላይ «በዚህ ሰመር ዲሲ ነኝ፣ ቀን ያዙ» ብሎ የለጠፈ ሰው «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

«ቪዛው የብዙ ዓመት ከሆነ እንደልብ መኖር ይቻላል» የሚሉም አሉ። አይቻልም። ቪዛው የሚነግራችሁ እስከ መቼ በሩን ማንኳኳት እንደምትችሉ ነው፤ የመቆያው ጊዜ የሚወሰነው ስትገቡ በሚሰጣችሁ አይ-94 በተባለው መዝገብ ነው።

«በነጻ ካነሳሁ ችግር የለውም» ለሚለውም፦ በእህታችሁ ሠርግ ላይ ካሜራ ብታነሱ ማንም አይከሳችሁም። ባለሙያ የሚቀጠርበትን ሥራ በትኬትና በማደሪያ ለውጦ «ነጻ» ማለት ግን ክፍያን በሌላ ስም መጥራት ነው።

ሸንገንን በተመለከተ የሚነገረው «90 ቀን ተሰጥቶኛል፣ በቀኑ ውስጥ የማደርገው የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን የሚለው ደንብ የቆይታ ደንብ ነው፤ ሥራን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው የየአገሩ ሕግ ነው። ጀርመን የምትፈቅደውን ጣሊያን ላትፈቅድ ትችላለች። ብሪታንያ በጎብኚ ቪዛ ለውጭ ሚዲያ መረጃ የሚሰበስብ ካሜራማን ትፈቅዳለች፤ እዚያ ባሉ ሙሽሮች ተከፍሎት ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ግን ያ ፈቃድ አይሆነውም። በእስራኤልም ቢ/2 የሚባለው የጎብኚ ቪዛ ሥራን አይፈቅድም፤ የሥራው ቢ/1 ነው።

ዱባይን እንደ ቀላል የሚያዩ ብዙ ናቸው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2024 ባሻሻለችው የሠራተኛ ሕግ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው ያሠራ ቀጣሪ ከ100,000 እስከ 1,000,000 ዲርሃም ይቀጣል። «በቪዚት ቪዛ ና፣ እናሠራሃለን» የሚል ስቱዲዮ ራሱን ጭምር አደጋ ላይ እየጣለ ነው።

የካሜራ ዕቃን ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብም ከዚህ ጋር ይምታታል። ምዝገባው ዕቃው ሲመለስ እንደ አዲስ እንዳይቀረጥ ይረዳል፤ ለባለቤቱ የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

ሕጋዊ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። ኦ-1 የሚባለው የአሜሪካ ቪዛ ላቅ ያለ የሥራ ማስረጃ ላላቸው የጥበብ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ያለ ቀጣሪ ወይም ወኪል አስቀድሞ ማመልከት አለበት፣ ወጪውም ለአንድ ቅዳሜ ሠርግ አያዋጣም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ ሙሽሮች የምለው ይህ ነው፦ እዚያው ፈቃድ ያላቸው ጎበዝ አበሻ ፎቶ አንሺዎች አሉላችሁ፤ እነሱን ቅጠሩ። የአዲስ አበባውን ልጅ ከወደዳችሁት አገር ቤት ስትመጡ መልሱን ያንሳላችሁ። እናንተ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ቀጣሪያችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ኢንተርቪው ላይ እውነቱን ብናገር ቪዛ ይሰጠኛል?» መልሱ «ዘመድ ነኝ በል» ከሆነ ሥራውን አትቀበሉ።