ስድስት እንቁላል ለሦስት ልጅ

እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ልጅ ጠርቶ ማስቆጠር የተለመደ ነው። «ና እስቲ፣ ለእትዬ ቁጠርላቸው!» ይባላል። ልጁም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከአንድ እስከ መቶ ያንበለብለዋል፤ ይጨበጨብለታል፤ ይመረቃል። ቁጥርን በቃል ማወቁ መልካም ነው። ያንኑ ልጅ ግን «ስድስት እንቁላል ለሦስታችሁ እኩል ብናካፍል ለእያንዳንዳችሁ ስንት ይደርሳል?» ብትሉት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ በቁጥር ማሰብ ሌላ ነው።

ጉዳዩ የመምህራን ብቻ እንዳልሆነ ያሳየኝ የነርስነት ሥራዬ ነው። ከቆላው ወባ የያዘው ልጅ ሲመጣ ኮአርተም ይታዘዛል። ክብደቱ ከ15 እስከ 24 ኪሎ ለሆነ ልጅ ጠዋት 2 ፍሬ፣ ማታ 2 ፍሬ፣ ለ3 ቀን ይሰጣል፤ በድምሩ 12 ፍሬ ነው። መድኃኒቱን ሳስረክብ «በሁለተኛው ቀን ማታ ከሰጣችሁት በኋላ ስንት ፍሬ ይቀራል?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች፣ አርብ አርብ እህል ስትሸጥ የኖረች እናት ፍሬዎቹን በዓይኗ ከፋፍላ «አራት» ትለኛለች። አብሯት የመጣው ተማሪ ልጇ ግን «ይደመራል ወይስ ይቀነሳል?» ብሎ መልሶ ይጠይቀኛል። እሷ ነገሩን እያየች ታስባለች፤ እሱ ምልክቱን ይፈልጋል። ስሌቱ የተሳሳተበት ቤት ደግሞ መድኃኒቱ ሳያልቅ ይቋረጣል፤ ሕመሙም ያገረሻል።

ታዲያ ሕፃናት ይህን ማሰብ ይችላሉ? ይችላሉ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ካርፔንተርና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 1993 ባሳተሙት ጥናት 70 የአፀደ ሕፃናት ልጆችን 9 የቃል ጥያቄዎች ጠይቀዋቸዋል። ማባዛትና ማካፈል የሚጠይቁም ነበሩባቸው። ልጆቹ የማባዣ ሠንጠረዥ አልሸመደዱም። መምህሮቻቸው በዓመቱ ውስጥ አጫጭር ታሪክ ያላቸውን ጥያቄዎች እያቀረቡ በራሳቸው መንገድ እንዲፈቱ ይተዉአቸው ነበር። ግማሽ ያህሉ ለዘጠኙም ጥያቄዎች ትክክለኛ የአፈታት መንገድ ተጠቅመዋል። ምስጢሩ ልጅ ታሪኩን በዕቃ አስመስሎ መሥራቱ ነው፤ ስድስት ጠጠር አምጥቶ አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ እያለ ያድላል። ለካስ እያካፈለ ነው!

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ሲያድል የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያሰላል። ቅልብልቦሽ የምትጫወት ልጅም ስንት ጠጠር እንዳነሣችና ስንት እንደቀራት ታውቃለች።

በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች አብረው የተሳተፉበት ነበር። ከዚያ በኋላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» ተስፋፋና አፀደ ሕፃናት ከከተማ ልጆች አልፎ ለገጠሩም መድረስ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሆኖም አንዲት መምህርት ብዙ ልጅ በታጨቀበት ክፍል እያንዳንዱን «እንዴት አሰብከው?» ለማለት ጊዜ አይኖራትም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው ቤት ነው።

ከአምስት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ እንዲህ ሞክሩ። ድንች ስትልጡ «ሰባት ነበረን፤ ሦስቱን ድስት ውስጥ ጨመርን፤ ስንት ቀረ?» በሉት። ባቄላ ስትለቅሙ «በአራት ስኒ ሁለት ሁለት ብናደርግ ስንት ይሆናል?» በሉት። ማወዳደር ይከብዳልና በኋላ አምጡት፦ «አንተ አምስት ጠጠር አለህ፤ እህትህ ሦስት አላት፤ በስንት ትበልጣታለህ?» ሲቸገር ጠጠሮቹን በሁለት ረድፍ ትይዩ ይደርድር፤ ጓደኛ ያላገኘውን ጠጠር ራሱ ያየዋል።

ጥያቄውን ከጠየቃችሁ በኋላ ጠብቁት። መልሱን አትንገሩት፤ «ደምር» ወይም «ቀንስ» ብላችሁም አትጠቁሙት። በጣቱ ሲቆጥር እጁን የሚመቱ ወላጆች አይቻለሁ፤ ይህ ቢቀር ይሻላል። ጣት የልጅ የመጀመሪያ መቁጠሪያው ነው፤ ሲጠነክር ራሱ ይተወዋል። መልሱ ትክክል ሲሆንም ሲሳሳትም «እንዴት አወቅህ?» በሉት። የሚጠየቀው ሲሳሳት ብቻ ከሆነ ጥያቄው ቁጣ ይመስለዋል።

አንድ የነርስ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ባቄላ፣ ሽምብራም ሆነ ጠጠር ዘርግታችሁ አትሂዱ። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል፤ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጣል። ስትጨርሱ ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ መቁጠሩን ለትልቁ ልጅ ስጡት፤ አንድ ከጎደለም እሱው ይንገራችሁ።

የአካባቢያችን ልጆች ትምህርት ደጋግሞ ተቋርጧል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቀጥሎም ጦርነቱና የጸጥታው ችግር መጣ። ደብተርና ጥቁር ሰሌዳ በሌለበት ቀንም ግን ምድጃው ዳር ድንች ይላጣል፤ ባቄላ ይለቀማል። በሚቀጥለው አርብ ከገበያ ስትመለሱ እንቁላሉን ራሳችሁ አታካፍሉ። ለትንሹ ልጅ ስጡትና ለሁሉም እኩል እንዲያደርስ ንገሩት። አንድ ቢተርፍ ምን እንደሚደረግም እሱን ጠይቁት።