ሜዳው ውኃ ሲጠግብ

ባሕር ዳር ላይ የሰፈር ኳስ የሚደራው በክረምት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሌላ ከተማ የሚማረውም ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ቡድኑ አሥራ አንድ የሚሞላውም ያኔ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በኅዳር 2012 ኮትዲቯርን በባሕር ዳር ስታዲየም 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ክረምቱ ወጥቶ ነበር። የሰፈር ልጆች ግን ወር የመምረጥ ዕድል የላቸውም። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ የሁለት ሰፈሮች የወዳጅነት ጨዋታም የሚያዘው በእነዚሁ ወራት ነው።

ታዲያ ዝናብ ጨዋታ የሚያቋርጠው መቼ ነው? ካፊያ ላይም ሆነ ጠንከር ባለ ዝናብ ኳስ ይጫወታሉ፤ መበስበስ ማንንም ከሜዳ አያስወጣም። ጨዋታ የሚያስቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መሄጃ ያጣ ውኃና መብረቅ።

ከሰማዩ እንጀምር። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 9 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሐይቅ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ የብሱን ከውኃው ቀድማ ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ወደ የብሱ ይገባል፤ ያ ነፋስ ተራሮቹን ተደግፎ ሲወጣ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ የሚጠቁረው ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው ደጋ ነው። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውኃው ሙቀቱን ይዞ ያመሻል፣ ነፋሱ ከዙሪያው ወደ ሐይቁ ይሰበሰብና እዚያ ተጋጭቶ ወደ ላይ ይወጣል። በሐይቁ ዳር ላሉ ሰፈሮች ነጎድጓዱ ማምሻውንና ሌሊት የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው። በክረምቱ አጋማሽ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዘንብበት ጊዜ ስላለ ይህ ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም በ10 ሰዓት ከሚጀመር ጨዋታ በ8 ሰዓት የሚጀመረው የተሻለ ዕድል አለው። በዚያ ላይ በ10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ አንድ ሰዓት ከተቋረጠ የሚያልቀው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ የሰፈር ሜዳ ደግሞ መብራት የለውም።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ፤ የጨዋታው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው። 100 ሜትር ርዝመትና 64 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 128,000 ሊትር ውኃ ወረደበት ማለት ነው። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 640 በርሜል ይሞላል። ይህ ሁሉ ውኃ ሁለት መሄጃ ብቻ አለው፤ ወይ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ወይ ወደ ጎን ይፈስሳል።

በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ሜዳማ ቦታዎች የሚበዛው ዋልካ አፈር ሁለቱንም ያስቸግራል። ዋልካ እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ቅንጣቶቹ በንብርብራቸው መካከል ውኃ እያስገቡ ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ደግሞ ይኮማተራሉ። በበጋ ደርቆ እግር እስከማስገባት ድረስ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ በእነዚያ ስንጥቆች ገብቶ ስለሚጠፋ ሜዳው ደህና ይመስላል፤ «ሜዳችን ውኃ ይመጥጣል» የሚባለውም ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲዘንብ ግን አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ሜዳውም ይጠግባል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል። የጣና ውኃም ክረምቱን ሙሉ እየጨመረ ሄዶ በመስከረም አካባቢ ከፍታው ላይ ስለሚደርስ፣ ከሐይቁ ብዙም ከፍ ያላሉት ሜዳዎች ውኃቸውን የሚልኩበት ዝቅታ ያጣሉ።

በዚህ ላይ የተጫዋቹ እግር አለ። ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ውኃው ከማሳው እንዳይሰርግ እርጥቡን አፈር ደጋግሞ ያቦካዋል፤ ሃያ ሁለት ሰው በታኬታ ሲራወጥ ሜዳው ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። የአፈሩ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ሜዳው የባሰ ውኃ ቋጣሪ ይሆናል። በጣም የሚረገጠው የጎል አፍ ሁልጊዜ መጀመሪያ ኩሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ በጠገበ ሜዳ ላይ የግድ አንድ ጨዋታ መጨረስ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች ሊያሳጣ ይችላል። ይህን ለልጆቹ መንገር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ጎሉ ላይ ሰጋቱራ ይበትናል። ለዕለቱ ይጠቅማል፤ ውኃውን ይመጥጣል፣ እግር ይይዛል። ከቆየ ግን ራሱ እርጥበት አቅፎ ይቀመጣል፤ ከጨዋታው በኋላ መጠረግ አለበት። ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ማቀላቀልም አያዋጣም፤ አሸዋው በጭቃው ተውጦ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ርካሹ ሥራ ነው። ሜዳውን ከመሃል ወደ ዳር ትንሽ ማዘቅዘቅና በጎኖቹ ቦይ መቆፈር። ከመሃል እስከ ጎን መስመር 32 ሜትር ቢሆን፣ 32 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ውኃው እንዲሄድ ይበቃዋል፤ ተጫዋቹ ግን ልዩነቱን ልብ አይለውም። ከግንቦት በፊት፣ መሬቱ ሳይርስ፣ ሰፈሩ አንድ ቀን አካፋ ቢያነሣ ክረምቱን ያተርፋል።

ሜዳው ለጨዋታ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ዳኛው በኳሱ ይፈትናል። ኳሱን ከትከሻው ከፍታ ይለቃል፤ ከነጠረ ጥሩ፣ ጧ ብሎ ከቀረ መጥፎ። ቀጥሎ መሬት ለመሬት ይገፋዋል። ስስ ውኃ ያለበት ሣር ላይ ኳስ ተንሸራቶ ከወትሮው ይፈጥናል፤ ኩሬ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድንገት ይቆማል። አደጋው ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ይመጣል ብለው የገመቱት ኳስ ባለበት ሲቀር ሁለቱም በሙሉ ፍጥነት ይደርሱበታል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው ያኔ ነው።

መብረቅ ግን ምንም ፈተና አይፈልግም። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመምጣት ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ያለው በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ጨዋታው መቆም አለበት። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይቀጠልም። በየካቲት 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢንዶኔዢያ ባንዱንግ ከተማ ውስጥ መብረቅ ሜዳ ላይ የነበረ አንድ ተጫዋች ገድሏል፤ ያም የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። ዋርካ ሥር መጠለል ከሜዳው የባሰ ነው። ባጃጅም ጎኑ ክፍት ስለሆነ አያስጥልም። ቤት፣ ካልሆነም በብረት የተሸፈነ መኪና ውስጥ ይገባል።

የቀረው ውጤቱ ነው። በእግር ኳስ ሕግ የተቋረጠ ጨዋታ፣ አዘጋጁ ሌላ ደንብ ከሌለው በቀር፣ እንደገና ይደገማል። ክሪኬት በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ይዟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲድኒ ላይ ደቡብ አፍሪካ በ13 ውርወራ 22 ነጥብ ሲቀራት ዝናብ መጣ፤ ስትመለስ በአንድ ውርወራ 21 ነጥብ አምጪ ተባለች፤ የማይቻል ነገር። ፍራንክ ዳክዎርዝና ቶኒ ልዊስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የቀመሩትና በዚያው አቆጣጠር በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ስሌት እንዲህ ያለውን ግፍ ለማስቀረት የታሰበ ነው። የቀሩትን ውርወራዎችና ያልወጡትን ተጫዋቾች ቆጥሮ አዲስ ግብ ያወጣል። በእግር ኳስ ይህ አይሠራም፤ ጎል ብርቅ ስለሆነ ከቀረው ደቂቃ ስንት ጎል ይወጣ እንደነበር አስልቶ የሚያሳምን የለም።

የሰፈር ቡድኖች ታዲያ ስሌቱን በስምምነት ይተካሉ፤ ስምምነቱ ግን ደመናው ሳይመጣ መደረግ አለበት። አንዱ ቡድን 2 ለ 0 እየመራ፣ ሌላው እየተመራ ዝናብ ውስጥ ቆሞ መደራደር ጠብ ነው የሚወልደው። ሁለቱ አምበሎችና ዳኛው ከመጀመራቸው በፊት አራት ነገር ይቁረጡ፤ ስንት ደቂቃ ከተጫወትን ውጤቱ ይጸናል፣ እስከ ስንት ሰዓት እንጠብቃለን፣ ካልሆነ በየትኛው ቀን ይደገማል፣ ራቅ ካሉት ከመሸንቲ ወይም ከዘንዘልማ ለመጣው ቡድን የመመለሻውን የትራንስፖርት ብር ማን ይከፍላል።