የቤት ገንዘብ ወዴት ይቀመጥ?

የጥንት እመቤት የሣጥንዋን መክፈቻ በአንገትዋ አስራ ትውል ነበረ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጠገራ ብር ስለ ነበረ፤ ሌባ ካላገኘው በቀር ከዓመት እስከ ዓመት እንዳለ ይቈያታል። የኦስትሪያዪቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት ያ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን፤ ከዚሁ 23 ግራም የሚያኽለው ንጹሕ ብር ነውና ዋጋው በገዛ ሰውነቱ ላይ ነበረ። እመቤቲቱ ብትወድ ትገበያይበታለች፤ ብትወድ ለአንጥረኛ ሰጥታ ድሪና አምባር ታሠራዋለች። ዛሬ በሣጥን የሚቀመጠው ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀትም በተቈለፈበት ሆኖ ማነሱን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልንናገር ያሰብነውም ስለዚሁ ነገር ነው።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ እንዲያውም ብራችን ጠንክሮ ዶላሩ ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ወረደ። በ1985 ዓ.ም. መስከረም ወር 5 ብር ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር 27 ብር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት ዕለት ከ57 ብር ወደ 74 ብር ተነሣ፤ ከዚያም ብዙ ሳምንት ሳይቈይ ከ100 ብር አለፈ። ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ሰው የውጭ አገር ገንዘብ እንዲሸሽግ ለመምከር አይደለም። ብር በውጭ ገንዘብ ሚዛን በቀለለ ቍጥር ዘይቱም፤ መድኃኒቱም፤ የመኪናው ነዳጅም በቤታችን ላይ ይከብዳልና ነው።

ጥንቁቅ የሆነ ሰው «እኔ ገንዘቤን በባንክ አኑሬ ወለድ እቀበላለሁ» ይል ይሆናል። መልካም ነው፤ በባንክ ያለ ገንዘብ አይሰረቅም፤ በተፈለገም ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶው ከ30 እጅ በላይ ሲጨምር፤ ብሔራዊ ባንክ ለተቀማጭ ያዘዘው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶው 7 ነበረ። እንግዲህ 100 ብር ያኖረ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይዞ ወደ ገበያ ሲሄድ፤ አምና በ100 ብር ይሸምተው የነበረውን በ130 ብርም አያገኘውም። ደብተሩ መጨመሩን ይነግረዋል፤ ዘንቢሉ ግን መጕደሉን ይመሰክርበታል።

እቍብ የሚጥሉትም ከዚህ አያመልጡም። እኛ እቍብን እጅግ የምናከብር ነን፤ ሰውን በግድ ያስቈጥባል፤ በየወሩም ወዳጅን ከወዳጅ ያገናኛል፤ ጨዋታውና ቡናው ብቻውን የሚያስደስት ነው። ሆኖም የዕጣውን ተራ ልብ በሉ። 12 ሰዎች በየወሩ 5 ሺህ ብር ቢጥሉ የመጀመሪያው ባለ ዕጣ 60 ሺህ ብር ይወስዳል። የመጨረሻው ሰውም ያንኑ 60 ሺህ ብር ይወስዳል፤ ነገር ግን ኑሮ በዓመት ከመቶው 30 እየጨመረ ከሄደ፤ በእጁ የገባው ገንዘብ በመጀመሪያው ወር ገበያ 47 ሺህ ብር የሚገዛውን ያኽል ብቻ ይገዛለታል። በደለኛ ሳይኖር አንዱ ለሌላው አበድሮ ከሠረ ማለት ነው። አንዳንድ ማኅበርተኛ ለታመመ ወይም ልጁን ለሚድር ሰው ተራውን በፈቃዱ ይለቅ የነበረው ስጦታው ምን ያኽል እንደ ሆነ ሳያሰላ ነው፤ ዛሬ ግን ስጦታው የሚቈጠር ሆኗል።

ወርቅስ? ወርቅ አይነቅዝም፤ ነገር ግን በሣጥን ሳለ አይወልድም፤ ሲሸጡትም የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ ይቀራል። ቤትም ኪራይ ያስገባል፤ ይሁን እንጂ በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሁሉ በዐዋጅ ወደ መንግሥት በዞረ ጊዜ፤ የዕድሜ ልክ ቍጠባቸውን በድንጋይና በሲሚንቶ ያኖሩ ቤተ ሰቦች ምን እንደ ደረሰባቸው ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተውታል።

የቀረው አክሲዮን ነው። አክሲዮን ማለት በአንድ የንግድ ማኅበር ሀብት ውስጥ ድርሻ መያዝ ማለት ሲሆን፤ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ በ500 ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ የቆመ የአክሲዮን ማኅበር ነበረ፤ ድርሻውም እንደ ለንደንና እንደ ፓሪስ ባሉ ከተሞች ተሽጦአል። ኋላም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር በአዲስ አበባ አክሲዮን ይሸጥና ይለወጥ ነበረ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች ሲወረሱ፤ ፋብሪካዎችም ሲከተሉ፤ ይህ ሁሉ ቀረ፤ በብዙ ሣጥን ውስጥም ማኅተም ያለበት ከንቱ ወረቀት ተረፈ። በ1986 ዓ.ም. ለግል ባንክ እንደ ገና ሲፈቀድ፤ አዋሽ ባንክ በ486 ሰዎች መዋጮ፤ በ24 ሚሊዮን ብር ገደማ ተቋቋመ።

በቅርቡ የሆነው ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከመቶው 10 እጁን ለሕዝብ ለመሸጥ 100 ሚሊዮን አክሲዮን አወጣ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፤ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፤ ይኸውም 9 ሺህ 900 ብር ነበረ። የገዙት ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሆኑ የተሸጠው 10 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ያኽል ብቻ ሆነ። አንዳንዶች ይህን እንደ ውርደት አወሩት፤ እኛ ግን እንዲህ አናየውም። አባቱ አክሲዮኑን ሲወረስ ያየ ሰው ቢያመነታ የሚፈረድበት አይደለም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በመጀመሪያም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ተመዘገበበት። የዚህ ገበያ ትልቁ ጥቅም የሚሸጥ ሰው የሚገዛውን በዐደባባይ ዋጋ የሚያገኝበት ስፍራ መሆኑ ነው፤ ቀድሞ ባለ አክሲዮኑ ቢቸግረው በዘመድና በደላላ ነበረ የሚፈልገው።

ነገር ግን አክሲዮን እንደ ባንክ ተቀማጭ አይደለም። ማኅበሩ ካተረፈ ድርሻ ይከፈላል፤ ካላተረፈ አይከፈልም፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፤ የሕክምናና የዓመት ቀለብ ገንዘብ ወደዚያ የሚገባ አይደለም። ዛሬ በየሰፈሩ በእግር ኳስ ውጤት የሚወራረዱ ጐልማሶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዱ አክሲዮንን በዚያው ዐይን ያየዋል፤ ዋጋውን በእጅ ስልኩ እየተከታተለ፤ በቡና ቤት የሰማውን ወሬ ይዞ ይገዛል፤ በሌላ ወሬም ይሸጣል። ውርርዱ ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ድርሻ የገዛ ሰው ግን የማኅበሩን የዓመት ሒሳብ ማንበብ፤ በጠቅላላ ጉባኤው መቀመጥ፤ አስተዳዳሪዎቹንም መጠየቅ ይገባዋል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የፈረስ እሽቅድምድም የማየትን ያኽል አያስደስትም።

ለቤት የሚሆነውን ነገር ወደ መጨረሻ አቈይተነዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፤ ከባልና ከሚስት የግል ንብረት የሚገኘውን ገቢ እንኳ የጋራ ያደርገዋል። ስለዚህ ባል ከጋብቻ በፊት የገዛው አክሲዮን የሚያስገኘው ድርሻ የሚስቱም ነው። በሁለቱ ስም የተመዘገበውንም አክሲዮን አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ዕቃ ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዛል፤ በወጣበት ዘመን 500 ብር 60 ዶላር ያኽል ነበረ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ምንዛሪ ግን 5 ዶላርም አይሞላም። ከዚህም ጋር በአዲሱ ገበያ የተመዘገበ አክሲዮን በወረቀት መያዙ ቀርቶ በመዝገብ ላይ ብቻ የሚኖር ነውና፤ ባለቤቱ ድንገት ቢሞት ባልቴቲቱ ሣጥኑን ብትከፍት የምታገኘው ነገር የለም። የማኅበሩ ስም፤ የድርሻው ቍጥርና የተመዘገበበት ቀን በአንድ ገጽ ተጽፎ ባልም ሚስትም በሚያውቁት ስፍራ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም በመስከረም ወር ይታደስ።