ቀለህ፦ ከተኩስ በኋላ የምትቀረው ነሐስ

ጥይት ሲተኮስ አረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፣ ባሩዱም ጭስ ሆኖ ይበተናል። በተኳሹ እግር ሥር የምትቀረው አንዲት ባዶ፣ ቢጫ፣ ገና ትኩስ የሆነች የነሐስ ቀፎ ናት። ቀለህ የምንላት፣ በአንዳንዱ አፍ ቀልሃ የምትባለው እሷ ናት። ዛሬ ልጆች ለቅመው ያፏጩባታል። የቀድሞ ነፍጠኛ ግን ቀለህን እንደ ዋዛ መሬት ላይ ትቶ አይሄድም ነበር። ጎንበስ ብሎ ያነሳታል፣ አፈሩን ያራግፍላታል፣ ያስቀምጣታል። ባዶዋ ቀለህ ትሸጥ፣ ትለወጥ፣ ዳግም ትሞላም ነበር።

ይህችን ትንሽ ነገር ለመተዋወቅ ከአርብ ገበያ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። አርብ ገበያ ስሟን ከገበያ ቀኗ ያገኘች የታች ጋይንት ከተማ ናት። ከእሷ በስተ ምዕራብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ባሽሎን ሲሻገሩ ደግሞ መቅደላ ይገኛል። ቀለህ በሀገራችን ለምን ያን ያህል እንደተከበረች የሚገልጠው ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል የተዘረጋ ነው።

አካሏና ሥራዋ

አንዲት ሙሉ ጥይት የአራት ነገሮች ስብስብ ናት። ከፊት አረሩ፣ ከውስጥ ባሩዱ፣ ከኋላ በመርፌ ሲመታ እሳት የሚሰጠው ካፕሱል፣ ሦስቱን በአንድነት የምትይዘው ደግሞ ቀለህ። ስለዚህ ቀለህ የሦስቱ ቤት ናት ማለት ይቻላል። ከቤትነት ያለፈም ሥራ አላት። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ በሁሉም አቅጣጫ ይገፋል። በዚያች ቅጽበት ቀለህ ትነፋና ጥይቱ ከጎረሰበት የመሣሪያው ግድግዳ ጋር ትጣበቃለች፤ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ትዘጋለች። ግፊቱ ሲበርድ መልሳ ጥቂት ትሸበሸብና በቀላሉ ትወጣለች።

ይህን መንፋትና መመለስ ሁሉም ብረት አይችለውም። ለጥይት የሚመረጠው ነሐስ ከመቶው ሰባው እጅ መዳብ፣ ሠላሳው ዚንክ ነው። አይዝግም፣ ይለመጣል፣ ወደ ቅርጹም ይመለሳል። አሠራሩም ጥበብ አለው። መጀመሪያ ክብ የነሐስ ቁራጭ በማተሚያ ተገፍቶ ስኒ ይሆናል። ስኒው ደጋግሞ እየተገፋ ይረዝምና እንደ ጣት ይሆናል። ነሐስ በተገፋ ቁጥር ስለሚደድር በየመካከሉ በእሳት ይለሰልሳል፤ ይህ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ቀለህ ሁሉ አንድ ልክ እንድትሆን ደግሞ ትክክለኛ ማተሚያ፣ የተስተካከለ የነሐስ ቆርቆሮና የተለካ እሳት ያስፈልጋሉ። የችግሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ከሴባስቶፖል የከበደች ቀለህ

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አውሮፓውያን ባለእጆችንና የሀገሬውን ቀጥቃጮች ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከሁሉ የገነነው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነበር። ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት ደጋ አድርገው፣ የጨጨሆን ገደል መንገድ እየጠረጉ፣ ያንን ሁሉ ክብደት በሰው ጉልበት አስጎትተው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የገጠማቸው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ግን ከኋላ የሚጎርስ ሰናድር ጠመንጃ ነበር። የሰናድር ጥይት ቀፎው ከስስ ነሐስ ተጠቅልሎ የተሠራ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ጦር ይህን መሣሪያ በጦር ሜዳ የፈተነው ያን ጊዜ ነው። ከእንግሊዞቹ አራተኛው ሬጅመንት ብቻውን 10,200 ጥይት ተኩሷል። የእኛ ሰው በአፈሙዝ የሚሞላ ነፍጡን ባሩድና አረር እየጠቀጠቀ አንድ ጊዜ ለመተኮስ ሲጣጣር፣ ከማዶ ያለው ብዙ ጊዜ ይተኩስ ነበር።

ጋፋት 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ማቅለጥ ችሎ ነበር። ጣት የምታህለዋን የነሐስ ቀፎ በሺህ ቁጥር፣ አንድ ልክ አድርጎ ማውጣት ግን ሌላ ዓይነት ፋብሪካ ይጠይቃል። መድፍ በጉልበትና በእሳት ይወለዳል፤ ቀለህ የምትወለደው በልክ ነው።

ባዶዋ ለምን ተከበረች?

ከመቅደላ በኋላ ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በየአቅጣጫው ወደ ሀገራችን ገቡ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የተሸነፈው የግብፅ ጦር ሬሚንግተኖቹን ጥሎ ሄደ። ከዚያም በኦቦክ፣ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ውጅግራ ጎረፈ። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ያሉት በሀገሬው አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ። በዐድዋ ከተሰለፈው ሠራዊት በብዙ እጅ ላይ የነበረው እሱ ነው።

አሁን ጥይቱን በአራት እንክፈለው። አረር እሳትና እርሳስ ያለው ሰው ሁሉ ያቀልጠዋል። ጥቁር ባሩድ በሀገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ቀለህና ካፕሱል ግን ባሕር ተሻግረው፣ በግመልና በበቅሎ ተጭነው ብቻ ነው የሚመጡት። ካፕሱል በትንሽ እሽግ ብዙ ይያዛል፤ ቀለህ ግን ቦታ ትፈልጋለች፣ ከባድ ናት፣ ውድ ናት። ስለዚህ ተኳሹ ከተኩስ በኋላ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣት ሀገሩ ልትሠራለት ያልቻለችውን ክፍል ነበር። አረሩን ሌላ ቀን ያገኘዋል፤ ቀለህ ከጠፋች ግን ጠመንጃው ዱላ ይሆናል።

ይህን ችግር ነጋዴዎችም ያውቁት ነበር። ለምኒልክ ጠመንጃ ያመጣ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 ዓ.ም. የጠመንጃና የጥይት መሥሪያ መሣሪያዎችን በፈረንሳይ ግዛት በኩል ወደ ሸዋ ለማስገባት የፈረንሳይን መንግሥት ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱ ተሰጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተነሣበት። ጥይት የሚሸጥ መንግሥት ጥይት የሚሠራውን ማሽን በቀላሉ አይሸጥም።

ገበያ የወጣች ጥይት

በዚያ ዘመን የነበረው ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነው። ጠገራ ግን ለበርበሬና ለእንቁላል መግዣ አይመነዘርም። አሞሌ ጨው ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟል፣ ሲሸከሙት ይሸረፋል። ጥይት በዚህ መካከል ገበያ ገባች። መጠኗ አንድ ዓይነት ነው፣ አትበሰብስም፣ ሁሉም ይፈልጋታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ሳንቲም ትሠራ ነበር። ምንዛሯ እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ከወደብ ስትርቅ ትወደዳለች፣ የጦር ወሬ ሲሰማም ትወደዳለች። ባዶዋም ቀለህ ከሙሉዋ ያነሰ የራሷ ዋጋ ነበራት፤ መልሶ የሚሞላት ነበረና።

ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ ያስመቱትን ብርና ዝርዝሩን አወጡ። ቢሆንም ሕዝቡ ጥይትን ከኪሱ ለማውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ሳንቲም የሚከበረው መንግሥት ስላለ ነው። ጥይት ግን መንግሥት ቢኖርም ባይኖርም ትፈለጋለች፤ ያልተረጋጋ ዘመን ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

ዳግም መሙላትና ስድስት ጎራሽ

ቀለህን ዳግም መሙላት አዲስ ካፕሱል፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር መስጠት ነው። በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፤ በተግባር ግን አደጋ ያለበት ሥራ ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካልታጠበ ነሐሱን ይበላዋል። ደጋግማ የነፋችና የተመለሰች ቀለህ ትደድርና አንገቷ ላይ ትሰነጠቃለች። ባሩዱ ቢበዛ ጠመንጃውን ከነተኳሹ ይጎዳል፤ ቢያንስ አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ይቀራል። የእጅ ሥራ ጥይት የከሸፈችበት ወይም ፊቱ ላይ የፈነዳችበት ተኳሽ ብዙ ነበር። ውጅግራ ቀለሁ ወፍራም፣ አጎራረሱም አንድ በአንድ ስለነበረ ይህን ሁሉ ከሌሎች ጠመንጃዎች በተሻለ ይታገሥ ነበር።

ከሽጉጦች ደግሞ ስድስት ጎራሹ ለቀለህ ወዳጅ ነው። ስድስት ጎራሽ ተዟዟሪ ጎተራ አለውና ሲተኮስ ቀለህ አይጥልም። ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ መዳፉ ላይ ያራግፋቸዋል፤ አንዲትም አትጠፋም። የሽጉጡ ቀለህ ቀጥ ያለች፣ አንገት የሌላት ናት፤ የምትሸከመውም ግፊት ከጠመንጃ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዕድሜዋ ረዥም ነው። በአሜሪካ ዛሬም ለስፖርት የሚተኩሱ ሰዎች የሽጉጥ ቀለህ ሰብስበው፣ ተለዋውጠው፣ አንዷን ብዙ ጊዜ ይሞሏታል። የእነሱ ምክንያት ወጪ መቀነስ ነው፤ የእኛዎቹ አባቶች ምክንያት ግን ሌላ ስላልነበራቸው ነው።

ጥይትን ከውጭ የመጠበቅ ዕዳ ክብደት በግልጽ የታየው በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ነው። ኢጣሊያ ልትወረን ስትዘጋጅ ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አሉ። በቃል ደረጃ እኩል ይመስላል። ኢጣሊያ ግን ጥይቷን ራሷ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ በአብዛኛው ከውጭ ትገዛለች። በአምስቱ ዓመት የአርበኞች ትልቁ ጭንቀት ጥይት ነበር። ከጠላት ማርከው ተዋጉ፤ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ጀግኖች ከአዲስ አበባ ጥይት በድብቅ ያሻግሩላቸው ነበር።

ክላሽ ከመጣ በኋላ

ዛሬ በገጠራችን በብዛት የሚታየው ክላሽንኮቭ ነው፤ እሱም ቀለህን የመሙላትን ልማድ አብቅቷል። የክላሽ ቀለህ በአብዛኛው ነሐስ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ብረት እንደ ነሐስ አይለመጥም፣ ቶሎ ይዝጋል። መሣሪያውም ቀለሁን ርቆ ይወረውረዋል። በዚህ ላይ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መሥራትና መነገድ ይከለክላል።

ነሐሷ ቀለህ ግን ከጥይትነት ወጥታም ሥራ አላጣችም። ሴቶች ኩል ያኖሩባታል። ትልልቆቹ የመድፍ ቀለሆች በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ተሰቅለው ደወል ሆነዋል፤ ለሞት የተሠራው ነሐስ ለቅዳሴና ለክፍል መግቢያ ይጠራል። በእንጦጦ ደግሞ ሴቶች የቀለጠ ቀለህን ጨሌ አድርገው የአንገትና የእጅ ጌጥ ይሠራሉ፤ ልጆቻቸውንም ያሳድጉበታል።

ጋይንትም ከቀለህ ጋር አዲስ ትውውቅ አላት። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫና እስከ ጉና ዘልቆ ነበር። ጦር ባለፈበት ሜዳ ላይ ብረት የሚለቅም ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ይወቅ፤ ባዶ ቀለህ አትጎዳም፣ ያልተኮሰች ጥይትና ያልፈነዳ ቦምብ ግን ይገድላሉ። ልጅ ሁለቱን አይለይም። አይንካ፣ ለታላቅ ይንገር፤ ታላቁም አይንካ፣ ለፖሊስ ይንገር።

ወደ ፋብሪካው ጥያቄ ስንመለስ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአምቦ አካባቢ የተቋቋመው ሆሚቾ ፋብሪካ ጥይትን ከነቀለሁ በሀገር ውስጥ ለማምረት በቃ። የጦር መሣሪያ የሚሠራው ሌላው ፋብሪካም ጋፋት ተብሎ ተሰየመ። የዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያልደረሰበት ጥበብ ብዙ ዘመን ዘግይቶ ደረሰ።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን የዚያ ጥበብ ሌላው ፍሬ ነው። ክብ ቁራጭን ገፍቶ ስኒ፣ ስኒውን ገፍቶ ረዥም ዕቃ ማድረግ የጥይት ብቻ ሙያ አይደለም። አርብ ቀን በአርብ ገበያ መደብ ላይ የሚደረደሩት የብረት ኩባያዎችና ድስቶች ከቆርቆሮ በማተሚያ ተገፍተው የሚወጡ ናቸው፤ የቀለህ እኅቶች ናቸው። ቀለህን በልክ ማውጣት የቻለ እጅ ድስትም፣ የውሃ ቧንቧ ዕቃም፣ የአምፖል አንገትም ማውጣት ይችላል። አባቶቻችን ጎንበስ ብለው ያነሷት ባዶ ነሐስ ያስተማረችን ይህን ነው። ያላወጣነውን ነገር ለቅመን እንኖራለን፤ ማውጣት ስንጀምር ደግሞ ምን እንደምናወጣ የምንመርጠው እኛ ነን።