ለጉባ የሚሆነው ለሆለታ አይሆንም

ከጉባ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መነሻው ቆላ ነው፤ እዚያ ያለው የህዳሴው ግድብ ሐይቅ ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ውሃው ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ላይ ነው። መድረሻው ደጋ ነው፤ ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ማለዳዋ ጋቢ ያስደርባል። በሁለቱም ጫፍ ትራንስፎርመር አለ። የጉባውን ሥራ የሚሠራ ማሽን ግን እንዳለ ነቅለው ሆለታ ቢተክሉት ያው ማሽን ሆኖ አይቀጥልም።

ትራንስፎርመር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ነው። በማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ግን ቤት ያክላል፤ ከነዘይቱ ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝነው ጥቂት አይደለም። አሠራሩ ያው ነው። በብረት እምብርት ዙሪያ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። በአንደኛው የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ብረቱን መግነጢስ ያደርገዋል፤ መግነጢሱ በሌላኛው ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። የዙሮቹ ቁጥር ልዩነት ቮልቴጁን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል።

ከፍ ማድረጉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። 400 ሜጋ ዋት በ15 ኪሎ ቮልት እንላክ ብንል ሽቦው ከ15 ሺህ አምፒር በላይ መሸከም አለበት። በ500 ኪሎ ቮልት ከላክነው 462 አምፒር ይበቃዋል። በሽቦ ላይ በሙቀት የሚጠፋው ኃይል የሚያድገው በአምፒሩ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ በዚያው ሽቦ ላይ ብክነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ያለ ትራንስፎርመር የጉባ ውሃ ሆለታ መብራት አይሆንም ነበር።

ለአንድ ጣቢያ ትራንስፎርመር የሚመርጥ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠየቀው መጠኑን ነው። ዛሬ ስንት ሜጋ ቮልት አምፒር ይፈለጋል? ከአሥር ዓመት በኋላስ? አንዱ ቢበላሽ ቀሪው ከተማውን ይሸከማል? እነዚህን የጭነት ትንበያ የሠራ ሰው ይመልሳቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ በጨረታ ሰነድ ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፈው ጥያቄ ነው፤ ማሽኑ የሚቆመው የት ነው?

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው አይ.ኢ.ሲ 60076 የተባለው ደረጃ፣ ገዢው ሌላ ነገር ካልነገረው በቀር፣ ቦታው ከ1,000 ሜትር እንደማይበልጥ፣ አየሩ ከ40 ዲግሪ እንደማያልፍ፣ የዓመቱ አማካይም ከ20 ዲግሪ እንደማይዘል አድርጎ ይወስዳል። እንግዲህ ሁለቱን ጫፎች በዚህ እንለካቸው። ጉባ ከፍታውን ያሟላል፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ ግን ከ20 ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። ሆለታ ሙቀቱን ያሟላል፤ ከፍታው ግን ከገደቡ በ1,400 ሜትር ይዘላል። መደበኛ የሚባለው ማሽን ለሁለቱም ቦታ እንዳለ አልተሠራም።

የሙቀቱ ነገር የሚከብደው በወረቀት ምክንያት ነው። የመዳብ ሽቦውን የሚሸፍነው ከእንጨት የተሠራ፣ ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው። መዳቡና ብረቱ ብዙ ይቆያሉ፤ የሚያረጀው ወረቀቱ ነው፤ አንዴ ካረጀም በአዲስ ዘይት አይታደስም። ተራው ወረቀት መደበኛ ዕድሜውን የሚኖረው እጅግ የሚሞቀው የጥቅሉ ነጥብ 98 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው ተብሎ ይሰላል። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ቆላ ላይ የሚተከል ትራንስፎርመር ሰፊ ራዲያተር፣ ብዙ ማራገቢያ፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ አቅም የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ከፍታ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ራዲያተሩን አሟጦ አያቀዘቅዝም። ደረጃው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በማራገቢያ ለሚቀዘቅዝ ማሽን በየ250 ሜትሩ አንድ ዲግሪ፣ ያለማራገቢያ ለሚሠራው በየ400 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ከሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ይቀንሳል። ለሆለታ ይህ 5.6 እና 3.5 ዲግሪ ይሆናል። እዚህ ላይ የደጋው ብርድ ይክሳል፤ ማሽኑን የሚነካው አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነውና። ሁለተኛውን ግን ብርድ አይክሰውም። ስስ አየር ቶሎ ይበሳል፤ ብልጭታ ያሳልፋል። ታንኩ ውስጥ ያለውን ዘይት ከፍታ አይነካውም፤ ሽቦውን ከታንኩ የሚያወጡት፣ ውጭ የቆሙት ቡሺንጎች ግን ራቁታቸውን ናቸው። በአየር ውስጥ ያለው ክፍተት ከ1,000 ሜትር በላይ በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ መስፋት አለበት፤ ለሆለታ 14 በመቶ ማለት ነው። ሀገራችን አብዛኛውን ሕዝቧን ደጋ ላይ ስላሰፈረች የቦታው ከፍታ በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በደማቁ መጻፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከቦታው ሌላ ኢምፔዳንስ የሚባለው፣ ማሽኑ ጅረትን የሚገታበት ቁጥርም አለ፤ በመቶኛ ይጻፋል። አነስ ካለ ቮልቴጁ በጭነት ጊዜ አይዋዥቅም፤ ነገር ግን መስመር ተነካክቶ አጭር ዑደት ሲፈጠር የሚጎርፈው ጅረት ይበረታል። 12.5 በመቶ ከሆነ የአጭር ዑደቱ ጅረት ከመደበኛው 8 እጥፍ፣ ሽቦዎቹን እርስ በርስ የሚገፋው ጉልበት ደግሞ 64 እጥፍ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ምት ከዚህም ይብሳል። ከጎኑ ሌላ ትራንስፎርመር አብሮ የሚሠራ ከሆነ ኢምፔዳንሳቸው ካልተቀራረበ አንዱ ሸክሙን ተጭኖ ሌላው ይቀላል።

ዋጋ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። በጨረታ ርካሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ካገኘ፣ አንድም አምፑል ባይበራ እንኳ፣ እምብርቱን መግነጢስ ለማድረግ ሌት ተቀን ኃይል ይበላል። በዚህ የባዶ ጭነት ብክነት ሁለት ማሽኖች በ10 ኪሎ ዋት ብቻ ቢለያዩ፣ ልዩነቱ በዓመት 87,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 40 ዓመት ቢያገለግሉ 3.5 ሚሊዮን ይሆናል። ጠንቃቃ ገዢ ይህን ወደ ገንዘብ ለውጦ በመሸጫ ዋጋው ላይ ይደምራል፤ የተጫራቾቹ ተራ አንዳንዴ ይገለበጣል።

መጨረሻው መንገዱ ነው። ከጂቡቲ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣ መኪና የድልድይ አቅምና የኩርባ ስፋት ያግደዋል። ለዚህም ነው ግዙፉ ማሽን ብዙ ጊዜ በሦስት ባለ አንድ ፌዝ ማሽኖች የሚከፈለው፤ አራተኛም ለመጠባበቂያ ይታከላል። የሚጓዘው ዘይቱ ወጥቶ፣ በምትኩ ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን ተሞልቶ ነው። በጎኑ ላይ በመንገድ የደረሰበትን እያንዳንዱን መናወጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ይታሰራል። ጣቢያው ሲደርስ ማንም ከመኪናው አያወርደውም፤ ቀድመው ያንን መዝገብ ከፍተው ያነባሉ።