እንቅልፍ በትንፋሽ አይለካም

ጠጥቶ ሞተር ብስክሌት የሚያሽከረክርን ሰው ጥፋተኛ እንለዋለን፡፡ ሳይተኛ አድሮ የሚያሽከረክረውን ግን «ታታሪ» እያልን እናሞግሳለን፡፡ ይሁንና ለ17 ሰዓታት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አሳይተዋል፡፡ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተረኛ ለ3 ሰከንድ ቢያሸልብ 50 ሜትር ሳያይ ይነጉዳል፤ ከአስፋልቱ የሚለየው ቆርቆሮ እንኳ የለውም፡፡ ጫትና ቡናም እንቅልፍን ያዘገያሉ እንጂ አይተኩም፡፡

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል፡፡ ባደረሰው ዕቃ ቁጥር የሚከፈለው ሞተረኛ ግን እንጀራው ያለው በሩጫው ላይ ነው፡፡ ስለሆነም አደጋ ሲደርስ «ጠጥቶ ነበር ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ሠርቶ ነበር? ማንስ አሠራው?» ተብሎ ይጠየቅ፡፡