ምን ይቆጠራል? የደንበኝነትና የፍጆታ ክፍያ ማስከፈያ ሶፍትዌር አመራረጥ በቋንቋ ባለሙያ ዓይን

1. መነሻ

መዝገበ ቃላትና የጽሑፍ ክምችቶች በስልክ መተግበሪያና በድረ ገጽ መቅረብ ከጀመሩ ወዲህ፣ የቋንቋ ባለሙያው ቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ይመልሰው ከነበረ ጥያቄ ጋር ተጋፍጧል። ጥያቄው «ተጠቃሚው የሚከፍለው ስለ ምን ያህል ነገር ነው?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቅርቡ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የስዋሂሊ ቃላትን በአንድ ቋት የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት የማስከፈያ ሶፍትዌር ሲመርጥ አማካሪ ሆኖ ነበር። ድርጅቱ የጠየቀው የመጠየቂያ ደረሰኞቹን ቋንቋ እንዲያርም ብቻ ነው። ውሎ አድሮ ግን የዋጋው ክርክር ራሱ የፊደል፣ የቃልና የሐረግ ክርክር ሆኖ ተገኘ። የጽሑፉ ዓላማ ይህን ግንኙነት ማስረዳትና ተመሳሳይ ሥራ ለሚጠብቃቸው ባልደረቦች የመምረጫ ነጥቦችን ማቅረብ ነው።

2. ሁለቱ የክፍያ ዓይነቶችና ስሞቻቸው

የደንበኝነት ክፍያ ተጠቃሚው ቢጠቀምም ባይጠቀምም በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፍለው ቋሚ ገንዘብ ነው። የፍጆታ ክፍያ ግን በተጠቀመው ልክ የሚታሰብ ነው። በአማርኛ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ዘወትር ከአንድ ሱቅ የሚገዛውንም ሰው ስለሚያመለክት፣ «ደንበኝነት» ሲባል የውል ግዴታው ወዲያው አይሰማም። በአንጻሩ የፍጆታ ክፍያ በአማርኛ ሥር የሰደደ ስም አለው። «ቆጣሪ» የሚለው ስም «ቆጠረ» ከሚለው ግስ በአድራጊ ስም ቅርጽ የወጣ ሲሆን፣ መብራትና ውኃ የሚለካውን መሣሪያ እንደ ሰው ሠራተኛ ይጠራዋል። «ካርድ መሙላት» ደግሞ የቅድመ ክፍያን፣ «ጥቅል» የተወሰነ መጠን ያለው ግዥን ሐሳብ በሕዝቡ ዘንድ አስርጸዋል። ስለዚህ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት እነዚህን ቃላት በውልና በማሳወቂያ ላይ መጠቀም ይገባል።

3. ሶፍትዌሩ የሚሠራው

የፍጆታ ማስከፈያ ሥራ አምስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ እያንዳንዱ አጠቃቀም እንደ አንድ ክስተት ይመዘገባል። ቀጥሎ ክስተቶቹ በደንበኛና በጊዜ ይደመራሉ። ከዚያ ድምሩ በዋጋ ሠንጠረዥ ተባዝቶ ገንዘብ ይሆናል። በአራተኛ ደረጃ የክፍያ መጠየቂያ ይዘጋጃል፤ በመጨረሻም ገንዘቡ ይሰበሰባል። እንደ ዙኦራና ቻርጅቢ ያሉት መጀመሪያ የደንበኝነት ክፍያን መሠረት አድርገው የታወቁ ናቸው። ላጎ የተባለው ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ትኩረቱ በክስተት ቆጠራ ላይ ነው። ኪል ቢል ደግሞ እንዲሁ ክፍት ኮድ ሆኖ፣ በራስ ሰርቨር ላይ ተጭኖ እንደ ፍላጎት የሚስተካከል ነው።

በአካባቢያችን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሆነው ነገር ነው። ስልኩ ምላሽ ሳያገኝ ሲቀር ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል። እያንዳንዱ ክስተት የራሱ መለያ ቁጥር ከሌለውና ሶፍትዌሩ የተደገመውን ካልጣለ፣ ደንበኛው ለአንድ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እንዲሁም ያለ ኔትወርክ የተፈለገ ቃል ከቀናት በኋላ ስለሚደርስ፣ የሚቆጠረው የደረሰበት ቀን ሳይሆን ፍለጋው የተካሄደበት ቀን መሆን አለበት።

4. የመለኪያው አሀድ፦ ፊደል፣ ባይት ወይስ ቃል?

ድርጅቱ መጀመሪያ ያሰበው በተላከው የጽሑፍ መጠን ማስከፈል ነበር። ይህ ለሦስቱ ቋንቋዎች እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ተራ የላቲን ፊደል የሚይዘው 1 ባይት ነው። «ሰላም» 3 ፊደልና 9 ባይት ነው። በቁቤ የሚጻፈው «ነጋ» የተባለው የአፋን ኦሮሞ አቻው፣ ረጅሙ አናባቢ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ 5 ፊደልና 5 ባይት ነው። በፊደል ከተቆጠረ አማርኛው ይረክሳል፤ በባይት ከተቆጠረ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይከፈልበታል።

ቃልም የሚያስተማምን መለኪያ አይደለም። «አልነገርኩትም» አንድ ቃል፣ 8 ፊደልና 24 ባይት ነው። የስዋሂሊው «ሲኩምዋምቢያ» በላቲን ሲጻፍ አንድ ቃል፣ 11 ፊደልና 11 ባይት ይሆናል። ያው ሐሳብ በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይፈጃል። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ አፍራሹ «ሂን» ከግሱ ተለይቶ ስለሚጻፍ የቃሉ ቁጥር ይጨምራል። የቃል ወሰን የአጻጻፍ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ መስፈሪያ አለመሆኑን የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ያውቀዋል፤ የዋጋ ሠንጠረዥ አዘጋጁ ግን አያውቀውም።

የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ነው። በመደበኛው የላቲን አጻጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በኢትዮጵያ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ስለዚህ 90 ፊደል ያለው የክፍያ ማስታወሻ በስዋሂሊ አንድ፣ በአማርኛ ሁለት መልእክት ሆኖ ይታሰባል። ማስታወሻው በአማርኛ የሚጻፍ ከሆነ ወጪውን ደንበኛው ላይ መጣል ወይም መልእክቱን ማሳጠር የግድ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት ድርጅቱ የተከፈተ አንድ መግቢያ ቃልን አሀድ እንዲያደርግ ተመከረ። ተጠቃሚው «አልነገርኩትም» ብሎ ቢፈልግም የሚከፍተው «ነገረ» የሚለውን መግቢያ ነው፤ የሚከፍለውም ስለ እሱ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩም ድርጅቱ ራሱ የሚሰይመውን አሀድ የሚቀበል መሆን ነበረበት።

5. «ከ1,000 በላይ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ የከበደው ችግር የመጣው ከአንዲት ሐረግ ነው። የውሉ ረቂቅ «ዋጋው ለአንድ መግቢያ 1 ብር፣ ከ1,000 በላይ ከሆነ 50 ሳንቲም» ይላል። ይህ ሁለት ንባብ አለው። በአንደኛው ንባብ የመጀመሪያዎቹ 1,000 በ1 ብር፣ ትርፉ ብቻ በ50 ሳንቲም ይታሰባል፤ 1,500 መግቢያ የከፈተ ደንበኛ 1,250 ብር ይከፍላል። በሁለተኛው ንባብ ደንበኛው ከ1,000 ካለፈ ሁሉም በ50 ሳንቲም ይታሰብለታል፤ ያው ደንበኛ የሚከፍለው 750 ብር ይሆናል። በዚህኛው ንባብ 1,000 የከፈተ 1,000 ብር ሲከፍል፣ 1,001 የከፈተ 500 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል።

አሻሚነቱ የሚመነጨው «ከሆነ» የሚለው ግስ ባለቤቱ ስላልተገለጸ ነው፤ ጠቅላላ ድምሩ ነው ወይስ እያንዳንዱ መግቢያ? ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ስሌቶች ያውቃል፤ አንዱን ምረጥ ብሎም ይጠይቃል። ውሉ ግን ዝም ብሏል። ስለዚህ ሐረጉ «ከ1,000ኛው ቀጥሎ ላለው ለእያንዳንዱ መግቢያ 50 ሳንቲም» ተብሎ ታረመ። በውሉ ግርጌም የ1,500 መግቢያ ስሌት በምሳሌ ተጻፈ። በድርጅቱና በትምህርት ቤቶች መካከል ሊነሣ የነበረ የ500 ብር ጠብ በአንድ ሐረግ ተዘጋ።

6. ዘመን፣ ስምና አክብሮት

የኢትዮጵያ ወሮች 30 ቀን ስለሆኑ ክፍያን በቀን ማካፈል ቀላል ነው። በወር 300 ብር የሚከፍል ሰው ጥቅምት 21 ቢጀምር የ10 ቀን 100 ብር ይከፍላል። ጳጉሜን ግን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት፤ 13ኛ መጠየቂያ የሚልክ ሶፍትዌር ከወር ደመወዝተኛው ጋር ያጣላል። የቀን ለውጥም መታየት አለበት። ሶፍትዌሮች ብዙውን ጊዜ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ስለሚመዘግቡና ምሥራቅ አፍሪካ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ካልተስተካከለ ወሩ የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

የስም ሳጥንም «የቤተሰብ ስም» ሲል ይጠይቃል። አልማዝ ተስፋዬ የተባለች ደንበኛ ይህን ሞልታ «ውድ ወይዘሮ ተስፋዬ» የሚል መጠየቂያ ብትቀበል፣ የተጠራው አባቷ ነው። ስለዚህ ሙሉ ስምን በአንድ ሳጥን የሚቀበል ሶፍትዌር ይመረጣል። በአማርኛ ማሳወቂያ «እርስዎ» መጠቀም አክብሮትን ከመግለጹም በላይ «አንተ» ወይም «አንቺ» ከሚለው የጾታ ምርጫ ያድናል። አገልግሎቱ ወደ ዐረብኛ ሲሰፋ ደግሞ የቁጥርና የስም ስምምነት ስድስት ቅርጾችን ስለሚጠይቅ፣ ሶፍትዌሩ ከነጠላና ብዙ ያለፈ ክፍፍል መቀበል አለበት።

7. ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል?

አብዛኞቹ የደንበኝነት ሶፍትዌሮች የተመዘገበ የባንክ ካርድ በየወሩ በራሱ እንደሚቀነስ ይገምታሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. በኬንያ በተጀመረው ኤምፔሳና በ2021 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተጀመረው ቴሌብር ግን፣ በተለመደው አሠራር ደንበኛው ራሱ የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ ይልካል። ስለዚህ ቀድሞ የተሞላ ሒሳብ እየተቀነሰ የሚሄድበት ዘዴ ይሻላል፤ «ካርድ መሙላት» ከሚለው የታወቀ ልማድም ጋር ይስማማል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በኢትዮጵያ 15 በመቶ፣ በኬንያ 16 በመቶ በመሆኑ፣ መጠየቂያው ታክሱን በየአገሩ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል።

8. ማጠቃለያ

ድርጅቱ በመጨረሻ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር መረጠ። ምክንያቱ ርካሽነት ብቻ አልነበረም፤ አሀዱን፣ የዘመን አቆጣጠሩንና የማሳወቂያውን ቅርጽ ራሱ ማስተካከል ስለሚችል ነው። ይህ ምርጫ ሶፍትዌሩን የሚንከባከብ ባለሙያ መቅጠርን ስለሚጠይቅ፣ ባለሙያ ለሌለው ድርጅት የተዘጋጀ አገልግሎት መከራየት ይቀለዋል። በሁለቱም መንገድ ግን ከግዥው በፊት አንድ ፈተና ይበቃል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በየቋንቋው አስገብቶ፣ ከእያንዳንዱ ተናጋሪ የሚጠየቀውን ገንዘብ ጎን ለጎን ማየት ነው። ዋጋው ከተለያየ፣ ስህተቱ በተናጋሪው ቋንቋ ሳይሆን በተመረጠው ቆጣሪ ላይ ነው።